ቢኤም 325አይ ወይስ ባለሁለት ወንበሯ ማዝዳ? የአዳማ ልጆች ፍረዱኝ

የፍራንኮው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ግን አዲስ አበባ ያመላልሰኛል። ቤት ውስጥ አንዲት ቪትዝ አለች፣ የባለቤቴ ናት። ልጃችን ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን ለራሴ መኪና ልገዛ ነው። ዓመታት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነው፣ እና በዕድሜዬ አንዴ እንኳን መሪውን ስይዝ ደስ የሚለኝ መኪና ልያዝ ብያለሁ። «ኮሮላ ግዛ» ልትሉኝ ያሰባችሁ አትድከሙ፣ አማቴ ቀድመዋችኋል።

ሁለት መኪና ቀርቦልኛል። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፣ ሁለቱም ኮድ 2፣ መሪያቸው ከፋብሪካ ጀምሮ በግራ ነው። ዋጋቸውም ተቀራራቢ ስለሆነ በዋጋ መለየት አልቻልኩም።

አንደኛዋ በፈረንጅ የ2006 ቢኤምደብሊው 325አይ ናት፣ ኢ90 የሚሉት ቅርፅ። 2.5 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 218 የፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል። አራት በር አላት፣ አምስት ሰው ትይዛለች።

ሁለተኛዋ የ2008 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፣ ሚያታ የሚሏት። 2.0 ሊትር፣ 160 ፈረስ፣ ስድስት ማርሽ ማንዋል፣ ጣሪያዋ ሸራ። ሁለት ወንበር። ሌላ ምንም።

ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ ግን አዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ስለነበር ሁለተኛ ማርሽ አልፌ አላውቅም ማለት ይቻላል። ልቤ ማዝዳዋ ጋ ነው፣ ጭንቅላቴ ቢኤሟ ጋ። ምን ትላላችሁ?

ሶደሬ_መገንጠያ፦

ቢኤሟን። ልጅ ያለው ሰው ባለሁለት ወንበር አይገዛም። አለቀ።

ዳገት_ወዳጅ፦

ምኑ አለቀ ወንድሜ፣ ገና መጀመሩ ነው። ሰውየው የጠየቀው ስለ መንዳት ነው።

መጀመሪያ የጉልበቱን ነገር እናጥራ። 218 እና 160 ስትሉት ቢኤሟ ጥላት የምትጠፋ ይመስላል። ክብደቱን ግን እዩት። ቢኤሟ ባዶዋን 1,500 ኪሎ ገደማ ናት፣ ማዝዳዋ 1,100 ገደማ። ጉልበቱን ለክብደቱ ስታካፍሉት ሁለቱም በቶን 145 ፈረስ አካባቢ ላይ ያርፋሉ። ፋብሪካዎቹ ያወጡት ከ0 እስከ 100 የሚፈጀው ጊዜም ለቢኤሟ 7 ሰከንድ፣ ለማዝዳዋ 8 ሰከንድ አካባቢ ነው። ያቺ አንድ ሰከንድ ናት እንግዲህ ሰው የሚጣላባት።

ደግሞ ሁለቱም ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ዕቃ፣ የላቸውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት ይደክማል። በግምት በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ይቀንሳል ብለህ ያዝ። አዳማ ራሷ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ 218 ብለህ የገዛሃት ቢኤም እዚህ 180 አካባቢ ናት፣ ማዝዳዋም 130 ምናምን። አሰላ ስትወጣ ሁለቱም ሩብ የሚጠጋ ጉልበታቸውን ጥለው ነው የሚደርሱት። ሻጩ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ሲጠራልህ እሺ ብለህ እለፈው፣ ቁጥሩ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው።

ልዩነቱ ያለው ጥምዝምዙ ላይ ነው። ከአዳማ ወጥተህ መልካሳ ጋ አዋሽን ትሻገራለህ፣ ደራን ካለፍክ በኋላ መንገዱ መውጣት ይጀምራል፣ ኢተያ ላይ አየሩ ይቀየራል፣ ከዚያ አሰላ ነው። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ መንገድ ላይ 400 ኪሎ የቀለለ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል። መሪውን ገና ስታስበው አፍንጫዋ ዞሯል። ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬኗ ሥራ አይበዛበትም። ቢኤሟ መጥፎ ናት እያልኩ አይደለም፣ ኢ90 በዘመኑ ከነበሩት አራት በሮች ሁሉ መሪው ከሚወደዱት አንዱ ነው። ክብደቱንም ፊትና ኋላ እኩል ነው ያከፋፈሉት። ግን እሷ መንገዱን እየነገረችህ ትሄዳለች፣ ማዝዳዋ መንገዱ ላይ ታስቀምጥሃለች።

ለፈጣን መንገዱ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ይተርፋሉ። ገደቡ 120 ነው። 120ን ቪትዝህም ትሄደዋለች።

ሶደሬ_መገንጠያ፦

ቅኔ ነው የምትጽፈው? ሰውየው በሳምንት ስንት ቀን ነው አሰላ የሚወጣው? ሥራው አዲስ አበባ ነው አለ እኮ። ቱሉ ዲምቱ ደርሶ ሰልፍ ውስጥ ሲገባ ያ ጥምዝምዝ ምን ያደርግለታል?

ቮልት_ነው_እንጂ፦

እኔ ግን የምትገርሙኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ዓለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ እያያችሁ በሃያ ዓመት መኪና ትጨቃጨቃላችሁ። የቻይናው ቢዋይዲ የሚሠራት «ሲል» የምትባል ኤሌክትሪክ መኪና አራት በር ናት፣ ባለሁለት ሞተሯ 3.8 ሰከንድ ውስጥ 100 ትደርሳለች። ከፍታ ምናምን አይነካትም፣ የምትተነፍሰው አየር የለም። አሰላ ላይም አዳማ ላይም ያው ናት። ቤንዚን ሰልፍ የለ፣ ዘይት ቅየራ የለ።

የፍራንኮው፦

@ቮልት_ነው_እንጂ ከፍታው ላይ ያልከው እውነት ነው፣ አልክድህም። ግን ሲል የምትባለውን ለመግዛት ሁለቱን መኪኖች ሸጬ ሦስተኛ ሰው መበደር አለብኝ። ገንዘቡ ሲመጣ እንጠያየቃለን።

ዳገት_ወዳጅ፦

ባለሁለት ሞተሯ «ሲል» ደግሞ 2.2 ቶን ገደማ ናት። ከማዝዳዋ እጥፍ ማለት ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ማንም አይደርስባትም፣ እስማማለሁ። እኔ ስለ ጥምዝምዝ ነው የማወራው። ክልከላውን ያነሳኸው ደግሞ ለእኔ ይሠራል እንጂ ለአንተ አይሠራም። ሌላ ስለማይገባ ያለችው ዋጋዋ ቶሎ አይወድቅም።

ጋሽ_ካምቢዮ፦

ልጆች ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ጥምዝምዙ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ከሥር ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ።

የዚያች 325አይ ሞተር ጥሩ ሞተር ነው። ብሎኩ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ውጪው ማግኒዚየም ሆኖ የተሠራ ነው፣ ለዚህ ነው ቀላል የሆነው። ግን ስንቶቹ መካኒኮች ናቸው ይህን የሚያውቁት? የዚያ ሞተር ብዙዎቹ ብሎኖች አሉሚኒየም ናቸው፣ አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው አይታሰሩም፣ አዲስ ነው የሚገባው። የእኛ ሰው ፈትቶ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ያንኑ መልሶ ያጠብቀዋል። ከዚያ ይበጠስና «ቢኤም ችግር አለበት» ይባላል።

ዘይቱን ልለካ ብለህ ኮፈኖውን ብትከፍት መለኪያ ዘንግ አታገኝም። የለም። ሴንሰር ነው የሚለካው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ነው የሚነግርህ። አንዱ ተለማማጅ ዘንጉን ፍለጋ ከማራገቢያው እስከ ባትሪው ሲዳብስ ቆይቶ «ጋሼ፣ ሰርቀውታል» ብሎኝ ያውቃል።

ዋናው ግን የውሃ ፓምፑ ነው። በቺንጊያ አይዞርም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሲሞት ድምፅ አያሰማም፣ አያንጠባጥብም። ደህና ስትሄድ ቆይተህ ድንገት ሙቀት ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ያኔ ወዲያው ቁም። የአዳማ ቀትር ላይ፣ ከሞጆ ዳገት ላይ፣ «ትንሽ ልድረስ» ካልክ ሞተሩን ተሰናበተው። ይህ ፓምፕ ዕድሜው ሲደርስ ሳይበላሽ የሚቀየር ዕቃ ነው። ሻጩን መቼ እንደቀየረው ጠይቀው፣ ደረሰኝ ከሌለው አልቀየረውም ብለህ ዋጋ ላይ ቀንስ። ከዚያ የዘይት ፊልትሩ ቤት ጋስኬት አለ፣ ሲደርቅ ዘይቱ ቺንጊያው ላይ ይንጠባጠባል። የላይኛው ክዳን ጋስኬትም እንዲሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ኢ90 ደረቅ ሆኖ ካገኘኸው ወይ በጣም የተያዘ ነው ወይ ሊሸጥ ሲል ታጥቧል።

ማዝዳዋ ለእኔ ቀላል ናት። ሞተሯ ከማዝዳ 3 እና ከማዝዳ 6 ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ፎርድም ተጠቅሞበታል። የሞተሯን ውስጥ የሚያዞረው ካቴና (ሰንሰለት) ነው፣ ቺንጊያ በስንት ሺህ ይቀየራል የሚል ጭንቀት የለም። የውሃ ፓምፗ የድሮው ዓይነት ነው። የዘይት ዘንግ አላት (ተለማማጁ ደስ ይለዋል)። የሞተር ዕቃዋ ላይ አታለቅስም። የምታለቅሰው አካሏ ላይ ነው። ባጃጅ መብራቷን ቢሰብራት፣ በሯን ቢመታት፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ከዳር እስከ ዳር ብትዞር የሚያይህ የለም። ማዘዝ ነው፣ መጠበቅ ነው። የቢኤሟ መብራትና ፓራውልት ግን ብትፈልግ ይገኛል።

ሁለቱም ተቀያሪ ጎማ የላቸውም፣ ይህን ደላላው አይነግርህም። ቢኤሟ ከፋብሪካ የመጣችው ንፋሱ ቢያልቅም ጥቂት በሚሄደው ዓይነት ጎማ ነው፣ እሱ ደግሞ ጎኑ ድንጋይ ነው፣ ውድም ነው። ማዝዳዋ የሚነፋና ቀዳዳ የሚደፍን ዕቃ ነው የያዘችው። ከወለንጪቲ ማዶ ጎማ ቢቀደድብህ በዚያ መድፈኛ ምን እንደምታደርግ አላውቅም።

የፍራንኮው፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለማግኘት ነበር የጻፍኩት። የፓምፑን ደረሰኝ ሻጩን ጠይቄዋለሁ፣ «እሱ ምንም ችግር የለበትም» ነው ያለኝ።

ጋሽ_ካምቢዮ፦

እንግዲያው አልቀየረውም።

ሶደሬ_መገንጠያ፦

እሺ የሞተሩ ይሁን። ከፍታውስ? ያቺ ማዝዳ መሬት ላይ የተኛች ናት። የፍራንኮ ኮብልስቶን ላይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጉብታ ላይ ሆዷን ጥላ ትቀራለች። ሴዳን ሴዳን ነው።

ሒሳብ_ሠሪው፦

እዚህ ላይ ልግባ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስለሆነ።

የሁለቱ መኪኖች ከመሬት ያላቸው ክፍተት ያን ያህል አይራራቅም። 14 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚህ እዚያ ትንሽ ይለያያል። ጉብታ ላይ ሆድ የሚነካው ግን በክፍተቱ ብቻ አይደለም። የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ወሳኝ ነው። የቢኤሟ 2.76 ሜትር ነው፣ የማዝዳዋ 2.33 ሜትር። ክፍተታቸው እኩል ከሆነ ረጅሟ ናት ሆዷን የምትጥለው። የፊት ጎማ ጉብታውን አልፎ፣ የኋላው ገና ሳይደርስ፣ መሐሉ ላይ ጉብታው የሚነካው ረጅሙን ነው። በዚያ ላይ ሰው ጨምሩበት። ቢኤሟ ላይ አምስት ሰውና ሻንጣ ስትጭኑ ሞላው ይወርዳል። ማዝዳዋ ላይ ከአንድ ሰው በላይ መጨመር ስለማይቻል የምታዩት ክፍተት ያው ነው የሚቆየው።

እርግጥ የፊቷ ፓራውልት ዝቅ ያለ ነው፣ ጉብታውን ቀጥ ብላችሁ ከገባችሁ አፍንጫዋን ትመታለች። በሰያፍ ግቡበት። ግን «ባለሁለት ወንበር ስለሆነች ጉብታ አታልፍም» የሚባለው ልክ አይደለም።

ሶደሬ_መገንጠያ፦

ይሄ ሒሳብ ይሁን። ጎርፉስ? ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ውሃ አዳማ መሐል ላይ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ አለ?

ሒሳብ_ሠሪው፦

እሱ ላይ ቢኤሟም ዋናተኛ አይደለችም። ጎርፍ ሲመጣ ሁለቱንም ደጅ አታውጣ፣ ቪትዟን ውሰድ።

ሊሊ_ቦኩ፦

ባለሁለት ወንበር አዳማ ላይ የነዳ ሰው እስካሁን አልተናገረም፣ ሁላችሁም በሐሳብ ነው የምትነዱት። እኔ ነድቻለሁ። መርሰዲስ ኤስኤልኬ ነበረችኝ፣ ጣሪያዋ ብረት ሆኖ ታጥፎ ኋላ የሻንጣ ኮፈን ውስጥ የሚገባው። ጣሪያው ሲታጠፍ ኮፈኑን ይበላዋል፣ ስለዚህ ወይ ንፋስ ወይ ሻንጣ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታገኝም። የማዝዳዋ ሸራ ኮፈኑን አይነካም፣ ግን ኮፈኗም 150 ሊትር ናት። የገበያ ዘንቢልና ትንሽ ሻንጣ፣ በቃ።

ጣሪያ ከፍቶ መንዳት የምትሉት ነገር አዳማ ላይ ሰዓት አለው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት፣ ማታ ከአሥራ አንድ በኋላ። ቀን ላይ ከከፈታችሁት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ንፋሱ ደግሞ አለ። እነዚያን የንፋስ ተርባይኖች አዳማ ላይ በከንቱ አልተከሏቸውም። አቧራው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ ጥርስ ላይ ነው። ሸራ ከሆነ አቧራው ማጠፊያው ውስጥ ይገባና ሸራውን ስታጥፉትና ስትዘረጉት ይፍቀዋል፣ መጥረግ ልማድ ይሁንብህ።

የሚያስፈራኝ የነበረው ግን ከባድ መኪና ነው። ይህ የጅቡቲ መንገድ ነው። ሲኖትራክ ጎን ስትሄድ ዓይንህ ከጎማው እምብርት ጋር እኩል ነው፣ ሹፌሩ በምንም መስታወት አያይህም። ፈጣን መንገዱ ላይም ይኸው ነው። ጎኑ ላይ መቆየት የለም፣ ወይ አልፈህ ሂድ ወይ ወደ ኋላ ቅር። ቀን ላይም መብራት አብርቼ ነበር የምነዳው።

ሰው ደግሞ አያስቀምጥህም። ሴት ልጅ ስትነዳው ደግሞ የሚባለውን አልነግራችሁም። ሠፈር ውስጥ ሠርግ በመጣ ቁጥር «ለሙሽራ መኪና አውሺን» ይሉኛል። ቆይ፣ ሙሽራው አለ፣ ሙሽሪት አለች፣ ሹፌሩስ የት ይቀመጣል? አንዱ «ሙሽራው ራሱ ይንዳ» አለኝ። ቬሎው ብቻውን አንድ ወንበር ይፈልጋል እኮ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ እንደ እሷ የወደድኩት መኪና የለም።

ሶደሬ_መገንጠያ፦

@ሊሊ_ቦኩ እህቴ አንቺው ራስሽ ፈረድሽበት። ልቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ እናት ሆስፒታል መውሰድ አለ። አማቱ ሊሳለሙ ቢፈልጉ የት ሊያስቀምጣቸው ነው? ልጅቷስ? ፊት ወንበር ላይ፣ ኤርባግ ፊት፣ የሦስት ዓመት ልጅ?

ሊሊ_ቦኩ፦

አልፈረድኩበትም። ምን እንደሚጠብቀው ነገርኩት።

ዳገት_ወዳጅ፦

የልጅቷ ጉዳይ ትክክል ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ልጅ ኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ማዝዳዋ ደግሞ ኋላ የላትም። ስለዚህ ልጅቷ ማዝዳዋ ውስጥ አትገባም፣ አለቀ፣ ዛሬ «አለቀ» የሚለውን እኔም ልጠቀምበት።

ግን አንድ ነገር ዘነጋችሁ። ቤት ውስጥ ቪትዝ አለች። ልጅቷም፣ አማትየውም፣ ልቅሶውም፣ ገበያውም ቪትዟ ላይ ነው እየተሠራ ያለው። አሁን ሌላ አራት በር ቢያስገባ ቪትዟ የምትሠራውን ሥራ በሚወደድ መለዋወጫ መድገም ነው። ቢኤሟ የምታሸንፈው ቤቱ ውስጥ አንድ መኪና ብቻ ቢኖር ነበር። ብቻዋን ሁሉን መሥራት ያለባት መኪና ብትሆን ዓይኔን ሳላሽ ቢኤሟን ግዛ እለው ነበር፣ የውሃ ፓምፑን ቀይሮ። ሁለት መኪና ያለው ቤት ግን ሁለተኛው መኪና አንደኛው የማይችለውን እንዲችል ነው የሚገዛው።

አሁን ጥያቄው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ቪትዟን ለልጅቷ ጉዳይ ሁልጊዜ ነፃ ማድረግ ይቻላል ወይ? እሷም ሥራ ትሄድበታለች እኮ። እሱ አዲስ አበባ እያለ ልጅቷ ብትታመም ቪትዟ እዚሁ አዳማ ናት። እሷ ቪትዟን ይዛ ከከተማ ብትወጣ ግን እሱ ልጅቷን የሚያንቀሳቅስበት የለውም። ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፣ እኛ አንመልሰውም።

ሶደሬ_መገንጠያ፦

ይህ እንኳን ሰው የሚያወራው ነገር ነው።

ቮልት_ነው_እንጂ፦

ቪትዟን ሸጣችሁ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብታደርጉት ግን...

ዳገት_ወዳጅ፦

@ቮልት_ነው_እንጂ ቻርጅ አድርግና ተኛ ወንድሜ።

የፍራንኮው፦

ወገኖቼ ወሬው ረዥም ስለሆነ ልዘግብ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። እሷ ያለችው አጭር ነው፦ «ልጅቷን ይዤ ከከተማ ስወጣ ቀድሜ እነግርሃለሁ፣ ያን ቀን አንተ አዳማ ከሆንክ በባጃጅ ትሄዳላችሁ።» እናቴ ወንጂ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ማዝዳዋ ውስጥ እንደማትገባ ያውቀዋል ሁሉም ሰው፣ እሷን የሚያመላልሰው ቪትዟ ነው የሚሆነው። እሱም ተፈታ።

የማዝዳዋ ባለቤት እሑድ መኪናዋን ይዞ አዳማ ድረስ መጣ። የቢኤሙ ሰውዬ ግን «ከአዲስ አበባ አላወጣትም» አለ። ምን እንደፈራ አልገባኝም፣ ምናልባት ሙቀቱን።

ከደራ በላይ ወጣን። @ዳገት_ወዳጅ ያልከው ገባኝ። መሪው ጨዋታ የለውም፣ ማርሿ ደግሞ አጭር ናት፣ እጄን ሳላነሳ በአንጓዬ ብቻ ነው የምቀይራት። ዳገቱ ላይ አራተኛ ላይ ዝም ብዬ ብተወው አትወጣም፣ ወደ ሦስተኛ ወርጄ ጋዝ መስጠት አለብኝ። ሰነፍ ሰው ያማርራል፣ እኔ ግን ለዚህ አይደል የምገዛት። ሠፈራችን ያለውን ጉብታ ባዶዋንም ሰው ይዤም ሞከርኳት። በሰያፍ ስገባ አልነካችም። ቀጥ ብዬ ስገባ የፊት ላስቲኩ ጫር አለ።

አንድ ያስጨነቀኝ ነገር፣ ከወንበሩ ኋላ ያለው ምንጣፍ ሾፌር በኩል ሲዳሰስ እርጥበት አለው። ሻጩ «ታጥቦ ነው» ይላል። ጋሼ?

ጋሽ_ካምቢዮ፦

ታጥቦ ሊሆን ይችላል፣ ግን የዚያች መኪና የታወቀ በሽታ ነው። ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከኋላ ግራና ቀኝ በሁለት ቱቦ ወደ መሬት ነው የሚፈሰው። ቱቦው በአቧራና በቅጠል ሲደፈን ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይገባል። የአዳማ አቧራ ሲጨመርበት አስበው። ሸራውን ግማሽ አጥፈህ ከመቀመጫ ቀበቶው ኋላ ያለውን ቀዳዳ ፈልግ፣ የጠርሙስ ውሃ ቀስ ብለህ አፍስስበት። ከሥር ወዲያው ከወረደ ክፍት ነው። ካልወረደ ለስለስ ባለ ሽቦ ወይም በናይሎን ገመድ ይጠረጋል፣ በኃይል አትውጋው፣ ቱቦውን ካስለቀቅከው ሥራ ነው።

ከዚያ ምንጣፉን አንሳና ከሥሩ ያለውን ብረት እይ። ብረቱ ቀለሙ ካልተነሳ፣ ዝገት ካልጀመረ፣ ችግር የለም፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አስጣ። ዝገቱ ጣትህ ላይ ከመጣ ግን ተወው፣ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር ቢሰጥህም አትቀበል።

ደግሞ ወደ ጋራዥ ጉድጓድ ሳታስገባ ብር እንዳትቆጥር። የኋላውን ዲፈረንሻል ዘይት ማፍሰሱን እይ፣ የሾኮቹን ጫፍ እይ፣ ፍሪሲዮኑን ሦስተኛ ላይ ዳገት ላይ ጋዝ ሰጥተህ ሞክር፣ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ መኪናዋ ካልጨመረች እየተንሸራተተ ነው። የአገር ውስጥ ሰው ማንዋል ባለሁለት ወንበር ሲያገኝ ፍሪሲዮኑን ሳይበላ አይመልስም።

ሒሳብ_ሠሪው፦

ሊብሬውንም። በአገር ውስጥ ያሉት እንዲህ ዓይነት መኪኖች ብዙዎቹ የመጡት በኤምባሲና በድርጅት ሰዎች ነው። ቀረጡ መከፈሉን፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን፣ ሻጩ ራሱ ስሙ ላይ መሆኑን ሳታይ ቀብድ አትስጥ። ውክልና ይዞ የመጣ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን አጣራ።

የፍራንኮው፦

ቱቦው በስተግራ በኩል ተደፍኖ ነበር ጋሼ። በናይሎን ገመድ ሲጠረግ ጥቁር ጭቃ ነው የወጣው፣ ከዚያ ውሃው ወረደ። ምንጣፉን አንስተን ብረቱን አየነው፣ ንጹሕ ነው። ፍሪሲዮኑ አልተንሸራተተም። አንዱ የኋላ ሾክ ላቡ ወጥቷል፣ እሱን ዋጋ ላይ ቀነስኩበት። ቀረጡ ተከፍሏል፣ ሊብሬው በስሙ ነው። ሰኞ ስም ዝውውር ልንሄድ ነው።

ጋሽ_ካምቢዮ፦

ሾኩን ጥንድ ቀይር። አንዱን ብቻ እንዳትቀይር።

ሊሊ_ቦኩ፦

እንኳን ደስ አለህ። ኮፍያ ግዛ።

ሶደሬ_መገንጠያ፦

እኔ አሁንም አልተስማማሁም፣ ግን መልካም መንገድ። በነገራችን ላይ ያ የቢኤሙ ሰውዬ እስካሁን አልሸጠም? ስልኩን በውስጥ መስመር ላክልኝ እስቲ። የውሃ ፓምፑን አስቀይሬ ዋጋውን አወርደዋለሁ።